ለቁስቋም የደረሰ እግር

ባሌ ሃምሳ አለቃ ታፈረ ጡረታ የወጣ ዕለት አገር ምድሩ እሱን ሊያጽናና መጣ፤ መጽናናት የሚገባኝስ እኔ ነበርሁ። ዕድሜውን ሙሉ ፖሊስ ሆኖ ከላሊበላ ኩልመስክ፣ ከኩልመስክ ኮን ሲመላለስ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቤት ዋለልኝ። ቤት ዋለ ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። የዱቄቱን ጋን ከፍቶ ያያል፤ ዶሮዎቹን ይቆጥራል፤ ጎረቤት በደጃፋችን ስታልፍ «ወዴት ነሽ?» ይላታል። እኔንማ ገበያ ደርሼ ስመለስ ቃሌን ሊቀበል ምንም አልቀረው። «አንተ ሰውዬ፣ ተከሳሽ ነኝ?» ስለው፣ «ልማድ ነው ትርንጎ» ይለኛል። ልማድስ ይሁን፤ እኔ ላይ ምን አመጣው?

እንጨት የጀመረው በዚህ መሃል ነው። ማን አስተማረው ብትሉኝ ማንም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ ይዞ ተመለሰና ከቤታችን ጀርባ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተደላደለ። በኛ አገር ሞፈርና ቀንበሩን የማይጠርብ ገበሬ የለም፤ ማዕረግ የነበረው ሰው እንጨት ሲልግ መዋሉ ግን ለሰው ጉድ ሆነ። «መንግሥት ጠመንጃውን ቢቀበለው መጋዝ አነሣ» አሉ። እሱ እቴ! የሰው አፍ መቼ ሞቆት በርዶት ያውቃል። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ዘንድሮ ጉዱ እኔ ነኝ» ብሎ ይስቃል።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የቤታችን በር ነበር። አሮጌውን ገነጠለና፣ ገና ከተቆረጠ፣ ውሃው ካልወጣለት ባሕር ዛፍ ወፍራም መዝጊያ ገጠመልን። ሲገጥመው ማማሩ! እኔም እውነት ለመናገር ኮራሁ። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ወረደ፤ መዝጊያው ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አበጠ። አንድ ጧት ተነሥተን ብንስበው ወይ ፍንክች! ሃምሳ አለቃ በእጁ ጎተተ፣ በእግሩ ረገጠ፣ በትከሻው መታ። እኔ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሣቅሁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ስታስር ኖረህ ዛሬ ራስህን አሰርህ! በል አሁን ዋስ ጥራ!» ጎረቤቶች ከውጭ በፋስ ፈልጠው አወጡን።

ሌላ ሰው ቢሆን መጋዙን ገደል ይከተው ነበር። እሱ የተፈለጠውን እንጨት ሰብስቦ እያገላበጠ አየና «ገባኝ» አለ። «ምኑ ነው የገባህ?» ብለው፣ «እንጨት ሳይደርቅ እውነቱን አይናገርም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እርጥብ እንጨት በእጁ ነክቶ አያውቅም። እንግዲህ ባሌን የምወድለት ይህን ነው። ሲሳሳት አያፍርም፣ አያላዝንም፤ ሱሪውን አራግፎ እንደገና ይጀምራል። በዓመቱ የሠራው በር እስከ ዛሬ ድረስ በአንዲት ጣት ይከፈታል።

አንድ ልጅ ነበረን፤ ሰጠኝ። ተስዬ ያገኘሁት ስለሆነ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከመንደራችን ቁልቁል ከአለት የተፈለፈለች ቁስቋም ማርያም የምትባል ትንሽ ደብር አለችን፤ መሪጌታዋ የኔታ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ሰጠኝ በሳቸው እግር ሥር አቋቋም ሲማር አደገ። አቋቋም ስሙም እንደሚለው ቆሞ ነው፤ ደብተራው በመቋሚያው ተመርኩዞ፣ አንዱን እግሩን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እያደረገ፣ እያሸበሸበ ነው የሚያዜም። ሰጠኝ ሲያሸበሽብ ያየ ሰው ዓይኑን ከሱ ላይ አያነሣም ነበር። ይህን የምለው እናቱ ስለሆንሁ አይደለም፤ እናቱም ብሆን።

ብሔራዊ ውትድርና መጣና ወሰደብኝ። ሰሜን ግንባር ነው አሉን። ሰባ ሰባትን፣ ያን ክፉ ዘመን፣ ልጄ ይኑር ይሙት ሳላውቅ አለፍሁት። ሰባ ዘጠኝ ላይ መጣ፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከሆስፒታል የብረት ምርኩዝ ተሰጥቶታል፤ ሰው ሠራሹን እግር ደግሞ ተራህ ሲደርስ አዲስ አበባ ትጠራለህ ብለውታል። ላም አለኝ በሰማይ!

እልል ብዬ ተቀበልሁት፤ በሕይወት መጥቶልኛላ! ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ልጄ መጣ እንጂ እንዳልመጣ ገባኝ። ከቤት ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የቁስቋም ደወል ሲደወል ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሲያዜም የኖረ አፍ «እህ» እና «እንጃ» ብቻ ሆነ።

ሰኔ ላይ የኔታ ሊጠይቁት መጡ። «ልጄ፣ ድምፅህን የቆረጠው የለም፤ ና፣ ቁጭ ብለህ ታዜማለህ» አሉት።

«የኔታ፣ ይማሩኝ» አለ ሰጠኝ። «ቁጭ ብሎ የሚያሸበሽብ ደብተራ እርስዎ አይተው ያውቃሉ? ሰው ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልሄድም። ቆሜ ካልሆነ ከደጃፏም አልደርስ።»

 እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስሁ። ጥይት የተወልኝ ልጅ ቤቴ ውስጥ እየሞተብኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ከኮሶው ሥር ለመቀመጫ የሚሆን ዱካ እየላገ ነው። ቀና እንኳ ሳይል «የኔታ፣ ቁስቋም መቼ ነው የምትውለው?» አለ።

«ኅዳር ስድስት። ዋዜማው አምስት።»

«እንግዲያው ሰጠኝ ለዋዜማው ቆሞ ያዜማል።»

«በምን እግሩ?» ብዬ ከጓዳ ጮኽሁበት።

«በምሠራለት» አለ፤ መላጊያውንም አላቆመ።

የኔታ ከሄዱ በኋላ ያልተናገርሁት የለም። «ሃምሳ አለቃ ሆይ፣ እርስዎ ዱካ ሲሠሩ እንኳ እንግዳ እየጣለ አስቸገረን! በር ሠርቶ ያሰረን ሰው ዛሬ የልጄን እግር ሊሠራ? በተስፋው ልትጫወትበት ነው?» አልሁት። ስቆጣ አንተና አንቱ ይደባለቅብኛል። እሱ እንጨቱን አስቀምጦ አየኝና «በሩ ዛሬ አይከፈትም እንዴ ትርንጎ?» አለኝ። በቃ፤ መልሱ ይችው ነበረች። አንድ ነገር በየኔታ ፊት ከአፉ ካወጣ ደግሞ ከሚመለስ መሞት ይቀለዋል። እኔ የፈራሁት ለሱ አይደለም፤ ልጄ ሁለተኛ ተስፋ ቢቆርጥ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ወይራ መረጠ። መቋሚያ ከወይራ ይሠራል፤ ወይራ ሰው ይሸከማል፤ ታዲያ እግርስ ቢሆን? የልጁን ደህና እግር በመቀነቴ ለክቶ ጠረበው፣ አናቱን በመሮ ፈለፈለው፣ ጭኑ ላይ የሚታሰርበትን ጠፍር አበጀለት። ሰጠኝ የአባቱን ልብ ላለመስበር ብሎ አሰረው። ከኮሶው ተነሥቶ አጥሩ ጋ እስኪደርስ ላቡ በፊቱ ወረደ። ወይራ ማለት ድንጋይ ነው እኮ! አጥሩን ይዞ ተቀመጠና ጠፍሩን ፈትቶ እንጨቱን ወረወረው።

«አባዬ፣ እኔ የእርስዎ ዱካ አይደለሁም! ሥራ ሲፈቱ የሚጠርቡኝ፣ ሳልስተካከል ስቀር የሚጥሉኝ!»

አባቱን ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ነበር። ሃምሳ አለቃ ይቆጣል ብዬ ዘልዬ መሃላቸው ገባሁ። እሱ ግን የእንጨቱን እግር ከወደቀበት አነሣው፤ አቧራውን በእጁ ጠረገ፤ በመዳፉ መዘነው። «እውነትህን ነው፤ ከብዷል» አለ። «አንተ አልጣልኸውም፤ እሱ ነው የጣለህ። ቀላል እንጨት እፈልጋለሁ።» በማግሥቱ አህያ ነድቶ ወደ ቆላ ወረደ።

ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የዋንዛ ምሰሶ ጭኖ መጣ። ዋንዛ ሲደርቅ ቀላል ነው፤ ለመሮም ይታዘዛል። ይህን ጊዜ አልቸኮለም። እየጠረበ ልጁን ይጠራዋል፤ ከጉልበቱ በታች የቀረችውን ጉማጅ ጥላሸት ይቀባታል፤ እንጨቱ ውስጥ አስገብቶ ልጁን ያስቆመዋል። ሲያወጣው ውስጡ ጥቁር የሆነበት ቦታ ይታያል፤ የሚነክሰው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። ያንን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅ፣ ፋቅ፣ እንደገና ጥላሸት። ክረምቱን በዚህ ገፉት። እኔ የበግ ለምድ አለሰለስሁና ከውስጥ አለበስሁት።

ሰጠኝ መጀመሪያ በግድ ነበር የሚቀርበው፤ ኋላ ሳይጠራ ይመጣ ጀመር። «እዚህ ጋ ገና ነው አባዬ»፣ «አይ፣ አሁን በዛ» ይባባላሉ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስወጣ ሃምሳ አለቃ አፍንጫው ድረስ ጥላሸት ለብሷል፤ እሱ ግን አላወቀም፤ ኮስተር ብሎ ልክ ይወስዳል። ሰጠኝ አይቶት ሣቀ። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ሣቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ አብሬያቸው ሣቅሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ።

መስከረም ሲጠባ ሰጠኝ የብረቱን ምርኩዝ ጥሎ በመቋሚያ ብቻ ግቢውን ይዞረው ጀመር። አንድ ጧት ደጃፋችን ላይ ያለውን አለት ሲረግጥ እንጨቱ ሸርተት አለና በክርኑ ወደቀ። ሃምሳ አለቃ ሮጦ ወደ ልጁ አልሄደም፤ ወደ አለቱ ነው የሄደው። በመዳፉ ዳሰሰውና «እንጨትና አለት አይተማመኑም» አለ። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ፣ የጎማ ጫማ ወደሚቆርጠው ወደ አብዱልጀባር ሄድን።

«አብዱልጀባር፣ ግራውን ብቻ ቁረጥልኝ» አለው።

«አቦ ሃምሳ አለቃ! ቀኙን ለማን ልሽጠው?»

ነገሩን ስነግረው ሣቁ ጠፋ። ካለው የጭነት መኪና ጎማ ወፍራሙን መርጦ በእንጨቱ እግር ልክ ቆረጠ፤ ሚስማሩንም ራሱ መታው። «ወላሂ፣ ይኸ ጎማ የደሴን ቁልቁለት ወርዶ ወጥቷል፤ የናንተ አለት ያቅተዋል?» አለ። አላቃተውምም። ጎማው አለቱን እንደ ፍየል ያዘው። ሰጠኝ ምንጭ ደርሶ ተመለሰ፤ ዳገቱን ወጣው። ሌሊት ሌሊት ዜማውን እያጉተመተመ ይተኛል። የሠፈሩ ሴቶች «እንዴት ነው ልጅሽ?» ሲሉኝ፣ «ኅዳር አምስት መጥታችሁ እዩ!» እያልሁ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ጥጋቤ ነው፤ ግን ያምርብኝ ነበር።

የዋዜማው ዕለት ከቀትር በኋላ ሦስታችን ነጫጭ ለብሰን ቁልቁል ወረድን። ሰው ቆም እያለ ያሳልፈናል። ሃምሳ አለቃ ማዕረግ የተሰጠው ዕለት እንኳ እንዲያ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አላየሁትም። ደጃፉ ላይ ጫማችንን አወለቅን። ሰጠኝ የቀኙን አውልቆ ከኛ ጫማ አጠገብ አስቀመጠና መቋሚያውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። በር ጠባቂው አባ ፈንታው ቁልቁል አዩት።

«ጫማህን ልጄ» አሉ።

«አውልቄአለሁ አባ» አለ፣ የቀኝ እግሩን እያሳየ።

«እሱንስ አየሁ። ይኸኛው ግን ጎማ ነው።»

ሁላችንም ቁልቁል አየን። የመኪናው ጥርስ ጎማው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አገሩ ሁሉ የሚጫማው ያንኑ የአብዱልጀባርን ጎማ ነው፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ክምር ሆኖ ተቀምጧል። ወይ የኛ ነገር! ዕድሜ ልካችንን በዚያ በር ጫማ አውልቀን የገባን ሰዎች፣ መስከረምንና ጥቅምትን ሙሉ ጎማው ያዘ፣ ጎማው በረታ ስንል፣ አንዳችን እንኳ ያቺን በር አላሰብንም።

ደሜ ፈላ። «አባ ፈንታው፣ እግዜር ይይልዎ! ልጄ ማውለቅስ ሰሜን ሄዶ አውልቋል! ሌላ ምን ያውልቅልዎ?» ብዬ ጮኽሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ ትርንጎ፣ እኔ ጠባቂ ነኝ፤ ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነታቸው ስለሆነ የበለጠ ተናደድሁ።

ሰጠኝ ፊቱ ተለወጠ። ያ ከግድግዳው ጋር የሚጣበቀው ፊቱ መጣ። «ተያቸው እማዬ። ልመለስ» አለና ዞረ። እግዚኦ፣ ከዚህ ከተመለሰ ሁለተኛ አይወጣም አልሁ በልቤ።

የኔታ ጩኸቴን ሰምተው ከውስጥ ወጡ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ አባ ፈንታውን አዩ፤ ሰጠኝን አዩ። «አውልቁ የተባልነው ጫማችንን ነው እንጂ እግራችንን አይደለም። እንጨቱ እግሩ ነው፤ ይገባል» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጎማው ግን ጫማ ነው» አሉ።

ያለ ጎማው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የቁስቋም ወለል የስንት ትውልድ እግር የላገው አለት ነው፤ ደህና ሰውም ያንሸራትታል። ሰጠኝ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ በልጁ ፊት ተንበረከከ። በኛ አገር ልጅ ነው የአባቱን ጉልበት የሚስመው፤ ባሌ ደግሞ በአለቆቹ ፊት እንኳ ጎንበስ የማይል ሰው ነው። የእንጨቱን እግር ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ከወገቡ ካራውን መዘዘ።

«አባዬ ይተዉ፣ ነውር ነው፤ ሰው ያያል» አለ ሰጠኝ።

«ይይ። አንተ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ሥራዬን አታበላሽብኝ።»

ሚስማሩን እያነሣሣ ነቀለው።  ጎማው ተገንጥሎ ሲወጣ መቀነቴን ፈታሁና «በዚህ እንጠቅልለው፤ ጨርቅ ጫማ አይባልም» አልሁ። ሰጠኝ እጄን ያዘኝ። «ተይው እማዬ። ሁሉም ባዶ እግሩን ነው የገባው። እኔም ባዶ እግሬን እገባለሁ።» ድምፁ የጥንቱ የልጄ ድምፅ ነበር።

ገባ። በመጀመሪያው እርምጃ እንጨቱ ሸርተት አለ። አባ ፈንታው ራሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሱ መቋሚያውን ተክሎ በራሱ ተስተካከለ። ቀጥሎ ሰውነቱን ቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ፣ ግራውን በቀስታ እያስቀመጠ ሄደ። የእንጨቱ ድምፅ አለቱ ላይ ይሰማል። ደብተራዎቹ በረድፋቸው መካከል ቦታ ለቀቁለት።

እኔ በሴቶች በር ዞሬ ገባሁ። ከበሮው በዝግታ ጀመረ። የኔታ መሩ፤ ረድፉ ተቀበለ። መቋሚያዎቹ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ልጄ አዘነበለ፤ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ እኔ ትንፋሼን ያዝሁ፤ እሱ አዘነበለና ተመለሰ። ደግሞ አዘነበለና ተመለሰ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት፤ ከሁሉ በላይ ወጣ። ሳላስበው እልል አልሁ፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉኝ። ከበሮው ሲፋጠን ከነጫጩ ልብስ በታች የቱ እግር የልጄ እንደሆነ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ደጋግሜ ፈለግሁ፤ አሁንም አጣሁት።

ባሌን ባየው የለም። ወጣሁ። ከጫማው ክምር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ ገደሉን ያያል። ጎማው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ቆሟል?» አለኝ፤ ሳይዞር።

«ቆሟል።»

«አልወደቀም?»

«አልወደቀም።»

«እግሩስ እንዴት ነው?»

«የትኛው?» አልሁት።

ዞሮ አየኝ። እየቀለድሁ እንደሆነ ፊቴን መረመረ፤ እየቀለድሁ አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ታፈረ ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገና ትከሻው እየተነቃነቀ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ።